ከመቶ አሥራ ሁለት፦ የረዲያን የታሪክ ጽሑፍ ላረሙት ለጓድ ገብሬ

ሐምሌ 9 ቀን 1983 ዓ.ም.
አሰበ ተፈሪ

ለክቡር ጓድ ገብሬ ይመኑ
የተማሪዎች የታሪክ ጥናት ጽሑፎች መርማሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ለነበሩት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልሁ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ። ከግንቦት ወር ወዲህ የደም ግፊትዎ እንደተነሣ፣ እህልም እንደማይረጋልዎ ሰምቼ ማዘኔን እንዲያምኑልኝ እለምናለሁ። ካኪውን አውልቀው ጋቢ መደረብ መጀመርዎን ሰው ሲነግረኝ ደግሞ የሐምሌ ብርድ እንዳይጎዳዎ ሐሳብ ገብቶኛል። «ጓድ» ብዬ በመጻፌም ይቅርታ ያድርጉልኝ። «አቶ» መባል እንደሚመርጡ ተነግሮኛል፤ ይሁን እንጂ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በግድ የለመደው እጄ በሁለት ወር ሊተወው አልቻለም።

ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤታችን ጸሐፊ በወይዘሮ ማሚቴ በኩል የላኩልኝ ወረቀት ደርሶኛል። ወረቀቱ «አቶ ገብሬ ይመኑ በኃላፊነት በቆዩበት ዘመን አንድም መምህር ሆነ ተማሪ ያልጎዱ፣ ለዕውቀት ተቆርቋሪ የሆኑ ሰው መሆናቸውን እመሰክራለሁ» ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም ተተይቦ የቀረው ፊርማዬ ብቻ ነው። ምስክርነቱን ለአዲሶቹ አስተዳዳሪዎች አቅርበው በትምህርት ቤታችን የታሪክ መምህርነት ቦታ ሊጠይቁበት እንደሆነም ማሚቴ አስረድታኛለች። ሌሎች መምህራን ሲፈርሙ በአንድ ቃል እንኳ እንዳይለፉ አስበው ሁሉንም ራስዎ ጽፈው ማቅረብዎ፣ ለሰው ድካም ያለዎትን አሳቢነት ያሳያል።

ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ልምድ ሆኖብኝ እስክሪብቶ ሳልይዝ ማንበብ አልችልምና ሁለት የፊደል ግድፈት አርሜልዎታለሁ። ለመፈረም ግን እጄ እምቢ አለኝ። እምቢ ያለኝም ስለ ደግነትዎ የተጻፈው እጅግ አጭር ሆኖ ስላገኘሁት ነው። የሰባት ዓመት ሥራ እንዴት በአራት መስመር ያልቃል? ስለዚህ በራሴ ወረቀት፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ዘርዘር አድርጌ ልመሰክርልዎ ወስኛለሁ፤ የከተማው ሰው ሁሉ እንዲያነበውም አንዱን ቅጂ በትምህርት ቤቱ በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

እኛን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስተዋውቅ። እኔ ሰርክአዲስ ደምሴ እባላለሁ፤ ከደሴ ተመድቤ እዚህ ታሪክ ማስተማር ከጀመርሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ጓድ ገብሬ ደግሞ ተማሪዎች የሚጽፉትን የታሪክ ጥናት በየዓመቱ እየሰበሰበ የሚመረምር፣ ምርጡንም ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል የሚያቀርብ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። ታሪክ ተምረው እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ በዚያን ጊዜ የሚጠየቁት እርስዎ አልነበሩምና።

እነሆ ምስክርነቴ።

፩ኛ. በቅድሚያ፣ ጽሑፉን አንብበው ስለጨረሱ አመሰግናለሁ። ከኮሚቴው አባላት መካከል የተማሪን ሥራ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያነበቡት እርስዎ ብቻ መሆንዎን ከቀይ ቀለምዎ ተረድቻለሁ።

በ1980 ዓ.ም. ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ የሰጠሁት ሥራ «የተወለዳችሁበትን መንደር ታሪክ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ጻፉ» የሚል ነበር። አርባ ሦስት ተማሪዎች ነበሩኝ። ሠላሳ የሚሆኑት ከመማሪያ መጽሐፉ ገልብጠው፣ የመንደራቸውን ስም ብቻ መሃል መሃል ላይ ሰክተው አመጡልኝ። አንደኛውማ ቦርደዴ ጥንት የባሕር ወደብ ነበረች ብሎ በመጻፉ አራት ሰጥቼዋለሁ፤ አራቱም ለድፍረቱ ነው።

ረዲያ ዓሊዩ ግን ሌላ ነበረች። ከበደሳ ወዲያ ካለች ኤላ ዲማ ከምትባል ትንሽ መንደር መጥታ፣ እዚህ አክስቷ ቤት ተቀምጣ የምትማር የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አማርኛን የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው፤ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ተናግራ አታውቅም። ስትጽፍ ግን የሚያቆማት አልነበረም። ሠላሳ ሁለት ገጽ ጽፋ አመጣችልኝ። መንደሩ ስሙን ያገኘበትን የውሃ ጉድጓድ ማን እንደቆፈረው፣ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቤቶች የእነማን እንደነበሩ፣ የቡናውን ችግኝ ማን ከመቻራ በአህያ እንዳመጣው ጽፋለች። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ በ1978 ዓ.ም. በመንደር ምሥረታው ጊዜ ሕዝቡ ቤቱን አፍርሶ፣ የጣራውን እንጨት ተሸክሞ፣ ከጉድጓዱ የሁለት ሰዓት መንገድ ወደሚርቅ ሜዳ እንዲሰፍር ሲደረግ የሆነውን ነገር አንድ በአንድ አስፍራለች።

የነገሯት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው አያቷ ኦቦ ጂብሪል ሲሆኑ ሁለተኛዋ የመንደሩን ልጅ ሁሉ ያዋለዱት ወይዘሮ ኩብራ ናቸው። ሽማግሌ እንዴት እንደሚጠየቅ ላሳያት ብዬ አንድ ቅዳሜ አብሬያት ሄጄ ነበር። ያን ቀን ኦቦ ጂብሪል ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይደክሙ አወሩልን። ረዲያ ስታበቃ «አባ፣ ስምህን ልጻፈው?» ስትላቸው ሳቁና «ሙሉውን ጻፊ» አሏት። «ጂብሪል ሁሴን ቡሽራ ብለሽ ጻፊው። እዚህ አገር ጂብሪል ብዙ ነው፤ ከሌላ ሰው ጋር እንዳይቀላቅሉኝ።»

ወይዘሮ ኩብራ ግን ለመናገር አመነቱ። መጀመሪያ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ በአዲሱ መንደር በመጀመሪያው ክረምት የኩሬ ውሃ ጠጥተው የሞቱትን ሕፃናት በስማቸው እየጠሩ፣ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልን። አሥራ ሰባት ሆኑ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ፤ ንገሪልን» አሉኝ። እሺ አልኋቸው።

ለጽሑፉ ዘጠና ስድስት ሰጠሁ። አራቱን የቀነስሁት ጉድጓዱ የተቆፈረበትን ዓመት 1912 በማለት ፈንታ 1921 ብላ በመጻፏ ነው፤ በአረንጓዴ ቀለም አርሜዋለሁ። ለኮሚቴዎ ያቀረብሁትም እኔ ነኝ። ረዲያ አልጠየቀችኝም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሰርኬ፣ ይሄ ነገር ክፍል ውስጥ ይቅር» ብሎ መክሮኝ ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለ ሥራ ደብቆ ማስቀመጥ ንፉግነት መሰለኝ። እውነቱን ልንገርዎና፣ በበዓሉ ቀን ስሜ ሲጠራ ይታየኝ ነበር።

፪ኛ. ስለ አስተራረም ጥበብዎ አመሰግናለሁ። ዘጠና ስድስቱን በሁለት መስመር ሰርዘው በቦታው አሥራ ሁለት ጻፉ፤ ከጎኑም «ለእጅ ጽሑፍ ውበት ብቻ» የሚል ማብራሪያ አከሉበት። እኔ ለእጅ ጽሑፍ የመደብሁት ጠቅላላ ነጥብ አሥር ነበር። ከአሥር አሥራ ሁለት የሰጠ መምህር በዘመኔ አላየሁም፤ ለጋስነትዎን የሚጠራጠር ካለ ይህን ይንገሩት።

ከዳር ላይ የጻፏቸው አስተያየቶችም የሚረሱ አይደሉም። ሰባቱ ቤቶች በተዘረዘሩበት ገጽ ላይ «የመደብ ትግሉ የት አለ?» ብለዋል። በእርግጥ ሰባት ጎረቤት ውሃ ለማውጣት ሲተባበር ተደባዳቢ ማጣቱ ያሳዝናል። «አድኃሪ» የሚለውን ቃል በአንድ ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት ፊደል ስለጻፉት፣ ከሦስቱ የትኛው እኔን እንደሚመለከት እስከ ዛሬ አልገባኝም። የሕፃናቱ ስም በሰፈረበት ገጽ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ጽፈዋል። የመጀመሪያው «የተጋነነ» ይላል። ሁለተኛው «የነገሩት ሰዎች ይጣሩ» ይላል። ሌላውን ሁሉ ለእኔ እንደ ትምህርት ጻፉት፤ ይህችን የመጨረሻዋን ግን ለሌላ ሰው ነበር የጻፏት።

፫ኛ. በሰኔ ወር ወደ ቢሮዎ አስጠርተው ስላሳዩኝ ጨዋነት አመሰግናለሁ። ወንበር ሰጡኝ፤ ሻይ አዘዙልኝ፤ ስኳሩን ራስዎ ጨመሩልኝ። ከዚያ «ዘጠና ስድስት የሰጠሁት ሳላነበው በስህተት ነው» የሚል ወረቀት አቀረቡልኝ። ያን ጊዜም የቀረው ፊርማዬ ብቻ ነበር። ፈረምሁ። ይህን ለትሕትና ብዬ አልደብቅም፤ ሻዩን ሳልጨርስ ነው የፈረምሁት።

ልወጣ ስነሣ እርስዎ ወረቀት እያገላበጡ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ለመሆኑ ኩብራ የምትባለው ሴትዮ ቤቷ ከመስጊዱ በላይ ነው በታች?» አሉኝ። አነጋገርዎ የመንገድ አቅጣጫ የሚጠይቅ እንግዳ ይመስል ነበር።

«በላይ» አልሁ።

«አላውቅም» ማለት ይቻል ነበር። «ረስቼዋለሁ» ማለትም ይቻል ነበር፤ አንድ ቀን ብቻ ነው የሄድሁት፣ ማን ይፈርድብኛል? ግን ትክክለኛ መልስ መስጠት የለመደ ሰው ሲጠየቅ ይመልሳል፤ በዚያ ላይ በጣም ፈርቼ ነበር። እርስዎም «አመሰግናለሁ፣ መምህርት» ብለው በሩን ራስዎ ከፈቱልኝ። ይህ ምስጋና እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስለዚህ በዚህ ቁጥር ሥር የተጻፈውን በእርስዎ ላይ ብቻ የቀረበ ቅሬታ አድርገው እንዳይቀበሉት አሳስባለሁ፤ ግማሹ የእኔ ነው።

፬ኛ. ስለ ፍጥነትዎ። ለትምህርት ቤታችን ጠመኔ ለማስፈቀድ አምስት ወር ይፈጅ በነበረበት ዘመን፣ ከእኔ ጋር ሻይ በጠጡ በሦስተኛው ቀን የደኅንነት መኪና የኤላ ዲማ ሰዎች ወደሰፈሩበት ሜዳ ደረሰች። ከመስጊዱ በላይ ወዳለው ቤት በቀጥታ ወጥታ ወይዘሮ ኩብራን ጫነች። ቀጥሎ ጂብሪል የሚባለው ሰው የት እንዳለ ተጠየቀ። በመንደሩ ሦስት ጂብሪል አለ። የመጡት ሰዎች ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው «ጂብሪል ሁሴን ቡሽራ» ብለው አነበቡ። ሌሎቹ ሁለቱ ጂብሪሎች በሰላም ቤታቸው አደሩ። ተማሪዎቼ ምንጫቸውን በትክክል እንዲጠቅሱ ስወተውት ጥቅሙ ምንድን ነው እያሉ ያጉረመርሙ ነበር፤ ጥቅሙን እርስዎ አሳዩልኝ።

ወይዘሮ ኩብራ በአራተኛው ወር ተፈቱ። ዛሬም ልጅ ያዋልዳሉ። ነገር ግን የወለደችው ሴት ማን እንደሆነች፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ስንተኛ ልጅ እንደሆነ ቢጠየቁ «አላውቅም» ነው መልሳቸው። የገዛ ልጆቻቸውን ቁጥር ሲጠየቁም እንዲሁ ይላሉ። ሰው አርጅተው ነው ይላል። እኔ ግን አንዲት ሴት «አላውቅም» ማለትን ለመማር አራት ወር ያህል እንደሚበቃት ከእርስዎ ተምሬአለሁ። ምነው እኔም በጊዜው ተምሬው በነበር።

ኦቦ ጂብሪል አልተመለሱም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ልጃቸው ዓሊዩ፣ የረዲያ አባት፣ ስንቅ ይዞ ወደ እስር ቤቱ ሲሄድ በሩ ላይ ያለው ሰው ዕቃውን ሳይቀበል «ሞቷል፤ ተቀብሯል፤ ሂድ» አለው። ዓሊዩ «ሬሳውን አጥበን፣ ሰግደንበት እንቅበር» ብሎ ለመነ። «ተቀብሯል አልኩህ» ተባለ። የሰባ ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ ወንጀላቸውም የልጅ ልጃቸውን የቤት ሥራ ማገዛቸው ነው።

፭ኛ. ለረዲያ ስላደረጉላት ሁሉ አመሰግናለሁ። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትመዘገብ ስትመጣ ስሟ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ምክንያቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ «የጥናት ሥነ ሥርዓት ጉድለት» ይላል። ያን ቀን ቤቴ መጣች። ግቢ ብላት አልገባችም። ደጃፉ ላይ ቆማ «መምህርት፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጎረቤት ይሰማ ነበር። እኔም «ዓመተ ምሕረቱ ላይ ነው። 1912 ነው፤ አንቺ 1921 ብለሽዋል» አልኋት።

ጥቂት አየችኝና «እሺ፣ አርመዋለሁ» ብላ ሄደች። ጓድ ገብሬ፣ እኔ በመምህርነት ዘመኔ ብዙ የማይረባ መልስ አርሜአለሁ፤ ከዚህ የከፋ ግን ከማንም ሰነፍ ተማሪ አላገኘሁም።

፮ኛ. በመጨረሻም፣ የ1981 ዓ.ም. የመስከረም ሁለት በዓል ንግግርዎን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። መምህራኑም ተማሪዎቹም፣ ከበደሳና ከመቻራ በመኪና የመጣው ሕዝብም ሜዳው ላይ በፀሐይ ተሰልፈን ሳለ፣ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ሰፊው ሕዝብና ስለ ውሃ ሃያ ደቂቃ አነበቡልን። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ከአፍዎ ወጥቶ ስለማያውቅ ተገረምሁ። ወዲያው ግን ዓረፍተ ነገሮቹን አወቅኋቸው። አሥራ ሁለት የሰጡትን ጽሑፍ የመጀመሪያ ዘጠኝ ገጾች ነበር የሚያነቡልን። አንዲት ቃል አልቀየሩም፤ ጉድጓዱም በ1921 ተቆፈረ። እኔ ያረምሁትን እንኳ አልተቀበሉኝም።

ከዚያም አንዲት መስመር ላይ ደረሱ። በድምፅ ማጉያው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ኮስተር ብለው «ይህንንም የነገሩኝ አያቴ ኦቦ ጂብሪል ሁሴን ናቸው» ብለው አነበቡ።

ሳያስቡት ነበር ያነበቡት። ወረቀቱን መልሰው አዩ፤ ቀጠሉ። ከበደሳ በመጣው ሰው መካከል ቀስ ያለ ጉርምርምታ ሄደ። አጠገቤ የቆመው ታጁዲን የሚባል የጫት ነጋዴ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ይሄ ሰውዬ የጂብሪል የልጅ ልጅ ነው እንዴ? ወላሂ አላውቅም ነበር። ታዲያ ለቅሶ ለምን አልመጣም?» አለኝ። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። ረዲያ ከእኛ አምስት ስድስት ረድፍ ራቅ ብላ ከቀበሌዋ ወጣቶች ጋር ቆማ ነበር። አንገቷን አልደፋችም፤ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ከእርስዎ ጋር እኩል፣ በቃሏ እያነበበች ነበር።

ሲጨርሱ ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን የዘረዘርሁት ያሳለፍነው ነው። አሁን ደግሞ በቅርቡ የሆነውን ልንገርዎ፤ ሳይሰሙት ቀርተው ከሆነ ቅር ይልዎታልና።

ግንቦት ላይ ከተማው ሲታመስ፣ ከኮሚቴው መደርደሪያ ያለው ወረቀት በሙሉ እንዲቃጠል ማሚቴን አዘዋት እንደነበር ያስታውሳሉ። ማሚቴ አቃጥላለች። ትእዛዝ አክባሪ ሴት ናት። አንዱን ጽሑፍ ግን «ይሄ የእጅ ጽሑፍ አሳዘነኝ» ብላ በቀሚሷ ሸፍና ወደ ቤቷ ወሰደችው። የእርስዎን ምስክርነት ባመጣችልኝ ቀን፣ አብራ ያንን ሰጠችኝ። ሠላሳ ሁለቱም ገጽ አለ፤ ቀይ ቀለምዎም አልደበዘዘም።

ባለፈው ቅዳሜ ይዤው በደሳ ሄድሁ። የኤላ ዲማ ሰዎች ዓምና ከሜዳው ተነሥተው ወደ ጉድጓዳቸው ተመልሰዋል፤ ረዲያ ግን ትዳር ይዛ በደሳ ነው የምትኖረው። ገበያው ውስጥ በእርጥብ ማዳበሪያ ላይ ጫት ደርድራ አገኘኋት። ጽሑፉን ሰጠኋት። እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ተቀበለችኝና እዚያው ተቀምጣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበች። ገዢ ሲመጣ ትሸጣለች፤ መልሳ ታነባለች። ቀዩ ላይ ስትደርስ ፊቷ አልተለወጠም። አሥራ ሁለቱንም አየችው፤ አልዘለለችውም፣ አልቆየችበትም።

የሕፃናቱ ገጽ ላይ ስትደርስ ግን እስክሪብቶ ለመነችኝ። አሥራ ሰባት የሚለውን ሰርዛ አሥራ ዘጠኝ አለች፤ ከታችም ሁለት ስም ጨመረች። «እነዚህ የሞቱት ከጻፍኩት በኋላ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ገጹን ሳትገለብጥ «መምህርት፣ የኩብራን ቤት ማን አሳያቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ስሸሽ ነበር። በአውቶቡሱ ውስጥም ሌላ ሌላ መልስ ሳዘጋጅ ነው የሄድሁት። «እኔ» አልኋት።

«ቀኑ መቼ ነው?»

ነገርኋት። ጻፈችው። ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፈችው፣ በዚያው በሚያምር የእጅ ጽሑፏ። አልሰደበችኝም፤ አላለቀሰችም። እኔ ላለቅስ ስል «መምህርት፣ ሰው እያየ ነው» አለችኝና እስክሪብቶዬን መለሰችልኝ። ይቅር እንድትለኝ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አላነሣችውም። ስሄድ የጫት እስር እየቆጠረች ለደንበኛዋ ታቀብል ነበር።

ጽሑፉን ሳትጨርሰው እንደማታስቀምጠው ግን አይቻለሁ። አዲስ ምዕራፍ ጀምራለች፤ የነገሯት ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው የሚናገር ነው። ገና ሦስት ገጽ ነው፤ ትናንት ልካልኝ አነበብሁት። ካነበብሁት ውስጥ አንድም የሚታረም አላገኘሁም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ያልፈረምሁትን ምስክርነትዎን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ሥራውን ለማግኘት እንዳይቸገሩ ሐሳቤን ባጭሩ ላስቀምጥ፦ አመልካቹ የተማሪን ጽሑፍ በትጋት ያነባሉ፤ ያነበቡትን አይረሱም፤ የሰው ስም አያሳስቱም፤ ሲያስፈልጋቸውም የተማሪን ሥራ እንደራሳቸው አድርገው ያቀርባሉ። በእነዚህ አራት ምክንያቶች አርባ ሦስት ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ባይገቡ ይሻላል። እኔም መግባት ይገባኝ እንደሆነ ወላጆች በመጪው ስብሰባ እንዲወስኑ፣ ይህንኑ ደብዳቤ ለርእሰ መምህሩ አስገብቻለሁ።

ላሳዩኝ ወንበር፣ ላጠጡኝ ሻይ፣ ለከፈቱልኝ በር ያለኝን ምስጋና በድጋሚ እየገለጽሁ፣ ለቤተሰብዎ ጤናን፣ ለእርስዎ ደግሞ ጥሩ የማስታወስ ችሎታን እመኛለሁ።

ሁልጊዜም ታዛዥዎ የነበርሁ፣ በዚህም የማፍር፣
ሰርክአዲስ ደምሴ
የታሪክ መምህርት

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር
ለተማሪ ወላጆች ኮሚቴ
ለወይዘሮ ማሚቴ (እንዳታቃጥለው ከአደራ ጋር)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ረዲያ ሐሙስ ከገበያ በኋላ ቤትዎ ትመጣለች። እባክዎ በሩን አይዝጉባት፤ ሻይም አያፍሉላት፣ አትጠጣም። የምትመጣው ከአባቷ ጋር ነው። ፖሊስ አያመጡም፤ ዱላም አይዙም፤ የሚይዙት አንድ ደብተርና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ከፈን ነው። ለአዲሱ ምዕራፍ የሚቀራት አንድ ጥያቄ ብቻ ስለሆነ ብዙ አታስቸግርዎትም። ኦቦ ጂብሪል የት ነው የተቀበሩት?

መልሱ አንድ መስመር ይበቃዋል።